ያልተጻፈውን ያነበብኩበት ቀን

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ አልተናገርኩም፤ ሃያ ሰባት ዓመት አብረን ስንኖር አንዲት ቃል አልተነፈስኩላትም። ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ፈርቻቸው አይደለም። የነፍስ አባቴ ደግ ሰው ናቸው፤ ብነግራቸው አርባ ስግደት ይሰጡኝና "እግዚአብሔር ይፍታህ" ብለው ይሸኙኛል። እኔም ጉልበቴን እያሸሁ ሰግጄ እጨርስና እንደ ንጹህ ሰው ደረቴን ነፍቼ ገበያ መሀል እሄዳለሁ። አልፈለግኩም። በአርባ ስግደት የሚያልቅ ነገር አላደረግኩም።

ስለዚህ ለእናንተ ለአንባቢዎች እነግራለሁ። እናንተ ስግደት ልታዙብኝ አትችሉም፤ ልትፈቱኝም አትችሉም። የመረጥኳችሁ ለዚህ ነው።

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። ጎብዬ ተወልጄ ቆቦ ከተማ ውስጥ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳስተምር አረጀሁ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የሱ አይደለም። ያደረግኩት ይኸውላችሁ። ማንበብ በማይችሉ ሰዎች ፊት የመማሪያ መጽሐፍ ገልጬ፣ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ዓረፍተ ነገር አነበብኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ጣቴን በመስመሩ ላይ እየጎተትኩ፣ ያልተጻፈውን አነበብኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ምን ይሆናል ትሉ ይሆናል። እኔም እንዲያ እያልኩ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ።

ነገሩ የሆነው ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ያኔ ጀማሪ አልነበርኩም፤ ጀማሪ ብሆን ኖሮ በልጅነቴ ባሳበብኩ። በደርግ ጊዜም አስተምሬያለሁ። በዚያን ጊዜ መጽሐፉ ታሪክን የሚተርከው በአንድ መንገድ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ሌላ መጽሐፍ መጣ፤ ትናንት ጀግና የነበረው ዛሬ ጨቋኝ ሆነ፤ ትናንት ያልተጠራው ዛሬ ተጠራ። እኔ ድምፄን እንኳ አልለወጥኩም። በአንዱ ዓመት ያንን፣ በሚቀጥለው ዓመት ይህንን፣ በዚያው ጠመኔ፣ በዚያው ሰሌዳ ላይ፣ በዚያው እርግጠኝነት አስተማርኩ። መጽሐፍ እንደሚሳሳት ከማንም በላይ አውቅ ነበር። ማንም ቢታለል እኔ ልታለል አይገባኝም ነበር።

መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የቆቦ፣ የሮቢት፣ የገጠሩ ልጅ የገዛ አገሩን ታሪክ በሰው አገር ቋንቋ ነበር የሚሸመድደው። አብዛኛው ሳይገባው ሸምድዶ ሳይገባው ፈተና ላይ ይገለብጠዋል። ስለኛ ሜዳ በመጽሐፉ ውስጥ የነበረው አንድ ካርታ ነው። ካርታው ላይ የሕዝብ ፍልሰት የምታሳይ አንዲት ቀስት ከደቡብ ተነስታ ወደ ሰሜን ትሄዳለች፤ ጫፏ እኛ ጋ ትደርሳለች። በቃ። ሌላው ገጽ ማን ማንን ገድሎ እንደነገሠ ነው። እኔም በየዓመቱ ቀስቷን በቀይ ጠመኔ እስልና ለልጆቹ "አያቶቻችሁ በዚህ በኩል መጡ" እላቸው ነበር። ሲመጡ ማንን አገኙ? ምን ዘሩ? ከማን ተጋቡ? ልጆቹ አይጠይቁም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። የእናቴ አያት አማርኛቸውን ከኦሮምኛ ጋር እየቀላቀሉ ነበር የሚያወሩት፤ ከሜዳ ሲጠሩኝ ና ለማለት "ኮቱ፣ ኮቱ" ይሉኝ ነበር። ቀስቷን ስስል ግን ስለሌላ ሰው የምናገር ይመስለኝ ነበር።

ሉባባ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዬ ነበረች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የእጅ ጽሑፏ የተስተካከለ ልጅ ናት። በአንድ ፈተና ላይ "የአካባቢው ሕዝብ አሰፋፈር እንዴት ነበር?" የሚል ጥያቄ አወጣሁ። መልሱ ቀስቷ ናት። ሉባባ ግን ገጽ ሙሉ ጻፈች። እንግሊዝኛው ሲያልቅባት ወደ አማርኛ ዞራ፣ አያቷ አያ ሰይድ በየሰኔው የሚቆጥሯቸውን ዘጠኝ ሰዎች፣ የጎርፉን ቦይ የቆፈሩትን፣ አንድ በአንድ ስማቸውን ጠርታ ማን ከማን ቀጥሎ እንደቆፈረ አስረዳች። ዳር ላይ በቀይ "ምንጩ?" ብዬ ጻፍኩና ዜሮ ሰጠኋት። ዜሮው አልበቃ ብሎኝ ለክፍሉ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ልጆቹ ሳቁ። "ታሪክ ማለት የተጻፈ ነው፤ ይሄ ተረት ነው" አልኩ። ሉባባ ወረቀቷን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ አያ ሰይድ ራሳቸው መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ ሽርጣቸውን እንዳሸረጡ፣ ዱላቸውን እንደያዙ፣ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ገብተው የልጅቱን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

"መምህር፣ እንደምን አደርክ። ይቺ ወረቀት ምን አጠፋች?" አሉኝ።

"አያ ሰይድ፣ ይሄ መጽሐፉ ላይ የለም" አልኳቸው።

"መጽሐፉ ላይ ከሌለ የቆፈሩት ሰዎች ጥፋት ነው ወይስ የጻፈው ሰውዬ?"

መምህራኑ ሳቁ። በሳቸው ላይ መስሎኝ ቀና ስል የሚያዩት እኔን ነበር። አያ ሰይድ ቀጠሉ። "አንተም የፈንታው እህት ልጅ ነህ። በዚያ ቦይ ውሃ በበቀለ ማሽላ ነው ያደግኸው። ማሽላው ከየት መጣ ይላል መጽሐፍህ?" ሳቁ ባሰ። የሒሳቡ መምህር ለአንድ ወር ያህል በገባሁ በወጣሁ ቁጥር "ማሽላው ከየት መጣ?" እያለ ሲያሾፍብኝ ከረመ። ትንሽ ነገር ነው። በዚህ ትንሽ ነገር ቂም ያዝኩ ብዬ ስጽፈው አሁን ፊቴ ይግላል፤ ግን ያዝኩ።

ስለ ቦዩ ልንገራችሁ። እኛ ሜዳ ላይ ዝናቡ እምብዛም ነው። ዝናቡ የሚጥለው በምዕራብ ደጋው ላይ ነው፤ ከዚያ ደረቁ ወንዝ በድንገት በቀይ ጎርፍ ይሞላና ለጥቂት ሰዓት አጓርቶ ያልፋል። በነዚያ ጥቂት ሰዓታት ጠልፈህ ማሳህ ውስጥ ያስገባኸውን ነው ዓመቱን የምትበላው። ከሮቢት ወዲህ፣ ከአስፋልቱ በስተምሥራቅ፣ የዘጠኝ ቤት አያቶች የቆፈሩት አንድ ቦይ አለ። ጎርፍ በዓመት ሦስቴ ወይ አራቴ ቢመጣ ነው፤ ስለዚህ ማን ቀድሞ ያጠጣል የሚለው የሞት የሽረት ነገር ነው። ተራው በጉልበት አልነበረም። በየሰኔው ሁሉም አካፋና ዶማውን ይዞ ቦዩ አፍ ላይ ይሰበሰባል። የውሃ አባት የሚባለው ሽማግሌ ቆሞ የቆፋሪዎቹን ስም፣ መጀመሪያ ከቆፈረው ጀምሮ እስከ ዘጠነኛው፣ ይጠራል። ስሙ ሲጠራ ከዚያ ቤት የተወለደ ሰው "አለሁ!" ይላል። በዚያ ዓመት ጎርፉ የሚለቀቀው በዚያ ተራ ነው። የማይመልስ ቤት ተራው ያልፋል።

አያ ሰይድ የውሃ አባት ነበሩ፤ ቤታቸውም የመጀመሪያው ቆፋሪ የጉቱ ቤት ነው። ጠሪው ለራሱ ቤት አይመልስም። ልጃቸው ስለሞተ "ጉቱ!" ሲሉ የምትመልሰው ሉባባ ነበረች። በዚያ ሁሉ ወንድ መሀል ቀጭን ድምፅ "አለሁ!" ትላለች፤ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። ሁለተኛው ወልዱ ነው፣ ክርስቲያን። ሦስተኛዋ ሐዋ ናት፤ የጉቱ ልጅ፣ የወልዱ ምራት። አራተኛው የእናቴ ወገኖች ቤት ነው፤ በዚያ ቤት ስም የሚመልሰው አጎቴ ፈንታው ነበር። እንግዲህ ከነዚህ ውስጥ መጤውን ለዩልኝ ብትባሉ ትለያላችሁ? እኔ ለየሁ።

በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ አንድ የግብርና ባለሙያ ፎርም ይዞ መጣ። ውሃ ተጠቃሚዎች ሕጋዊ ኮሚቴ ይሁኑ፣ የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ ይኑራቸው፣ የተራው ቅደም ተከተልም ከነማስረጃው ይግባ አለ። "በአፍ አይሆንም" ብሎ፣ ከሰዓት ተመልሶ እንደሚወስደው ነግሮን በሞተሩ ወደሚቀጥለው ቀበሌ ሄደ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። እኔ የአጎቴን ድርሻ ልቆፍርለት ሄጄ፣ ከፈተና ወረቀቶቼ ጋር መጽሐፉን በቦርሳ ይዤ ነበር።

"ምን ያስጨንቃችኋል?" አለ አጎቴ። "መምህሩ እዚህ ቆሞ የለ? የታሪክ መጽሐፍ የተባለውን ሁሉ ውጦታል እኮ!"

አያ ሰይድ ፈገግ አሉ። "ታዲያ መምህር፣ መጽሐፍህ ስለ ጉቱ ምን ይላል?"

መጽሐፉ ስለ ጉቱ ምንም እንደማይል ያውቃሉ። ትምህርት ቤት የመጡ ዕለት እኔው ራሴ ነግሬያቸዋለሁ። ሊያስቁብኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ምናልባት ሊያስቁብኝ አልነበረም፤ ምናልባት "መጽሐፉ ምንም አይልም፣ ስለዚህ እርስዎ እንደሚቆጥሩት ይጻፍ" እንድል በሩን እየከፈቱልኝ ነበር። ይሄ ትርጉም የመጣልኝ ከዓመታት በኋላ ነው። በዚያች ደቂቃ የታየኝ የመምህራን ክፍሉ ሳቅ ብቻ ነበር።

መጽሐፉን አወጣሁ። ካርታው ያለበትን ገጽ ገለጥኩ። ከመካከላቸው መሠረተ ትምህርት የተማሩ፣ የአማርኛ ፊደል የሚቆጥሩ ሁለት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ግን አልነበረም። ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ፣ እየተረጎምኩ እንደሆነ ሁሉ ቀስ እያልኩ፣ "የጉቱ ወገኖች ሌሎቹ ከሰፈሩ በኋላ መጥተው ተቀላቀሉ" ብዬ አነበብኩ። ጣቴ ሥር የነበረው ጽሑፍ ስለ አንድ ሩቅ ወደብ የዝሆን ጥርስ ንግድ ነው።

"እስቲ ድገመው" አሉ አያ ሰይድ።

ደገምኩት። ሁለተኛውን ጊዜ "ከብዙ ዘመን በኋላ" የሚል ጨመርኩበት። ማን ጨምር አለኝ? ማንም። አንድ ጊዜ ከጀመርኩ በኋላ ውሸቱ እንዲያምርልኝ ፈለግኩ።

"አላህ ይወቅ" አሉ። "እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። የተጻፈ ከሆነ ግን የተጻፈ ነው።" ለሳቸው መጽሐፍ ማለት የአላህ ቃል የሚጻፍበት ነገር ነው። ሰው ሊዋሽ ይችላል፤ መጽሐፍ ገልጦ፣ ፊደል ላይ ጣቱን አድርጎ ይዋሻል ብለው ግን አላሰቡም። ያሸነፍኳቸው በአዋቂነቴ አይደለም። ያሸነፍኳቸው ለጽሑፍ በነበራቸው ክብር ነው።

ሉባባን አየኋት። እሷ ፊቴን አልነበረም የምታየው፤ ጣቴን ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ያንን ገጽ ማንበብ የምትችል አንድ ሰው እሷ ነበረች። መጽሐፉ እሷም ጋ አለ። አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። ዝም አለች።

ደንቡን እኔ ጻፍኩት። በሚያምር የእጅ ጽሑፌ፣ ጉቱን ከአንደኛ አውጥቼ ዘጠነኛ አደረግኩት፤ "ማስረጃ" በሚለው ቦታ ላይ የታሪክ መጽሐፉን ስም ጻፍኩ። ስምንቱ ቤት አንድ አንድ ተራ ወደፊት ተራመደ። ማንም አልተቃወመም። ሌሎቹም አንድ ተራ አግኝተዋልና ዝምታቸው የነሱ ዕዳ ነው ልል እችል ነበር፤ አልልም። የነሱን እነሱ ይናዘዙ። ከዚያ የዓመቱ ስም ጥሪ ተደረገ። በቃል ሳይሆን ከወረቀት ሲነበብ የመጀመሪያው ነበር፤ ያነበብኩትም እኔ ነኝ። "ወልዱ!" "አለሁ!" "ሐዋ!" "አለሁ!" እያልኩ ሄጄ መጨረሻ ላይ "ጉቱ!" አልኩ። ለረጅም ጊዜ መልስ ጠፋ። ወደሚቀጥለው ልለፍ ብል ቀጣይ የለም። በኋላ ያቺ ቀጭን ድምፅ "አለሁ" አለች።

ለአጎቴ ብዬ ነው ያደረግኩት? ለአጎቴ ብዬ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር። ለዘመዱ የሰረቀ ሰው የሰረቀውን ያውቀዋል፤ ሊመልሰውም ይችላል። ለአጎቴ የደረሰው አንዲት ተራ ናት፤ እሷንም አላሰብኳትም። እኔ የዋሸሁት መጽሐፉ እንዲያሸንፍ ነው። መጽሐፉ ከተሸነፈ እኔ ምንድን ነኝ? ያለ መጽሐፉ የጎብዬ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ከመጽሐፉ ጋር ግን ሽማግሌ ተነስቶ ወንበር የሚለቅልኝ ሰው ነኝ። ይህቺን ወንበር ላለመልቀቅ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ጎርፉ በዛ፤ ለሁሉም ደረሰ። እኔም ምን ተጎዱ ብዬ ተኛሁ። በሁለተኛው ዓመት ጎርፍ ሦስቴ ብቻ መጥቶ ሰባተኛው ቤት ላይ አበቃ። በሦስተኛውም እንዲሁ። በአስፋልቱ በኩል በሚኒባስ ሳልፍ የአያ ሰይድ ማሽላ ከጉልበት ሳያልፍ ደርቆ ቆሞ አይቼዋለሁ። አጠገቡ የነበረው የአጎቴ ማሳ ጥቁር አረንጓዴ ነበር። ፊቴን ወደ ሌላው መስኮት አዞርኩ። በሬዎቻቸው ተሸጡ። ሉባባ ትምህርቷን አቋርጣ በአፋር በኩል አረብ አገር መሄዷን የሰማሁት ከተማሪዎች ነው። አያ ሰይድ እሷ በሄደች በዓመቱ ሞቱ። ለቅሶ ሄጃለሁ። ሄጄም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፤ ሰው ሲጠይቀኝ "ትልቅ የታሪክ ሰው ነበሩ" ብዬ ተናገርኩ። ይህን በገዛ አፌ አልኩ።

ከዚያስ ምን አደረግኩ? አስተማርኩ! በየዓመቱ ቀስቷን ሳልኩ። በየዓመቱ "ታሪክ ማስረጃ ይፈልጋል" አልኩ። አንድ ዓመት አንድ ጎበዝ ተማሪ ስለ ቦዩ የቤት ሥራ ሠርቶ አመጣልኝ። ቀበሌ ሄዶ ሰነድ አገላብጦ፣ የጉቱ ወገኖች ዘግይተው የመጡ ናቸው ብሎ ጻፈ፤ በግርጌው ላይ ምንጩን አስቀመጠ። ምንጩ የኔ ደንብ ነው። የገዛ ውሸቴ ማስረጃ ሆኖ፣ በንጹህ የእጅ ጽሑፍ ተጽፎ ወደኔ ተመለሰ። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ዐሥር ከዐሥር ሰጠሁት። ለሉባባ እውነት ዜሮ የሰጠሁ ሰው፣ ለራሴ ውሸት ዐሥር ሰጠሁ።

አውቃለሁ፣ አሁን አንዳንዶቻችሁ ልታጽናኑኝ ነው። ዘመኑ ነው፣ ሥርዓተ ትምህርቱ ነው፣ መጽሐፉን የጻፍኸው አንተ አይደለህም ትላላችሁ። ተዉኝ። የመጽሐፉን ጉድለት እኔም አውቀዋለሁ፤ ካስፈለገ ቁጭ ብዬ እዘረዝረዋለሁ። ነገር ግን ሥርዓተ ትምህርት አፍ የለውም፤ በዚያ ክፍል ውስጥ አፉ እኔ ነበርኩ። መጽሐፉ ስለ ጉቱ ዝም አለ እንጂ አልዋሸም። ዝም ያለበትን ቦታ በውሸት የሞላሁት እኔ ነኝ። ልጆች ደግሞ መጽሐፉ ዝም ያለበትንና እኔ የሞላሁትን መለየት አይችሉም፤ ሁሉንም "ቲቸር ያስተማሩን" ይሉታል።

ዛሬ ላይ ልድረስ። ጡረታዬ ደርሷል። ትምህርት ቤቱ የክብረ በዓል መጽሔት ሊያሳትም ነውና "ስለ አካባቢያችን ታሪክ አንድ ምዕራፍ ጻፍልን፣ ካንተ የተሻለ አዋቂ የለም" አሉኝ። ተቀበልኩ። ስለ ቦዩ ልጽፍ ተቀመጥኩ። አሁን ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃው በቧንቧ ይመጣል፤ በሰኔ ስም የሚጠራ የለም፤ ያ ቦይ ባጃጅ ማዞሪያ ሆኗል። ስለዚህ የዘጠኙን ቆፋሪዎች ስም እንኳ ጽፌ ላስቀር አልኩ። ብዕሬን አነሳሁ። ጉቱ፣ ወልዱ፣ ሐዋ፣ የእናቴ ቤት ዋቅጅራ። ከዚያ ቆመ። አምስቱን አላውቃቸውም! እነዚያን ስሞች በየሰኔው ሰምቻለሁ፤ ከወረቀትም ራሴ ጠርቻቸዋለሁ፤ ወረቀቱ ደግሞ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጠፍቷል። ሉባባ የፈተና ወረቀቷ ላይ ዘጠኙንም ጽፋልኝ ነበር። ዜሮ ሰጥቼ መለስኩላት።

ሮቢት ሄድኩ። ሉባባ ከአረብ አገር ከተመለሰች ቆይታለች፤ አስፋልቱ ዳር የሚስማርና የቆርቆሮ ሱቅ አላት። ስታየኝ ብድግ አለች። "ጋሼ! ደህና ነዎት? ይግቡ፣ ይግቡ" ብላ ወንበር ሰጠችኝ። የመጣሁበትን ነገርኳት። የቦዩን ስሞች ልጽፋቸው ነው አልኳት። ሚስማር እየመዘነች ነበር፤ መመዘኗን ጨርሳ ለገበሬው ሰጥታ ሸኘችው።

"ጋሼ፣ ያን ቀን ያነበቡት ገጽ ስንት ነበር?" አለችኝ።

ሃያ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው፤ አንድ ቀን ትጠይቀኛለች ብዬ ሺህ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። አንዱም አልመጣም።

"ወላሂ ልወቅስዎት አይደለም" አለች። "ያን ዕለት ቤት ገብቼ ፈለግኩት። ለአምስት ተማሪ አንድ መጽሐፍ ነበር የተሰጠን፤ ያን ሳምንት ተራው የኔ ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። እንግሊዝኛው ያልገባኝን መዝገበ ቃላት ተውሼ አየሁት። አጣሁት። መጽሐፉ አሮጌ ነበር፣ ስፌቱ ለቋል። የኔ መጽሐፍ ገጽ የጎደለው ነው አልኩ። እርስዎ ይዋሻሉ ብዬ አላሰብኩም።" ሚዛኑን ወደ ጎን አድርጋ ቀጠለች። "የዋሹት አያቴ መሰሉኝ። እስከሄድኩ ድረስ እነዚያን ስሞች ሲቆጥሩ በሰማሁ ቁጥር በልቤ ውሸታም እላቸው ነበር። አንድ ቀን ደግሞ በአፌ አልኳቸው። ምንም አልመለሱልኝም።"

"መቼ አወቅሽ?" አልኳት።

"አረብ አገር። አንዲት ልጅ ለማታነብ ጓደኛዋ ከቤት የመጣ ደብዳቤ ስታነብላት፣ ደስ እንዲላት ብላ የሌለ ሰላምታ ስትጨምርላት አየሁ። ጣቷን እያስሄደች። ያኔ የእርስዎ ጣት ትዝ አለኝ። አያቴ ግን ሞተው ነበር።"

ስሞቹን ታውቃቸዋለች። አልሰጠችኝም። "ለልጆቼ ቆጥሬላቸዋለሁ፤ እነሱ ይዘውታል። ለእርስዎ መጽሔት አልሰጥም" አለች፤ ሳትቆጣ። ከዚያ እንባዬን ስታይ "አብሽር ጋሼ" አለችኝ። አብሽር! እኔን ልታጽናና! ይቅርታ አፌ ላይ ደርሳ ነበር፤ ዋጥኳት። ይቅር በይኝ ብላት ኖሮ ይቅር ትለኝ ነበር፤ ታውቃላችሁ? ይህቺ ልጅ ይቅር ትለኝ ነበር። የውሃ ተራዋን ወሰድኩ፣ ትምህርቷን ወሰድኩ፣ አያቷን ከልቧ ወሰድኩ። ይቅርታዋን ደግሞ ልወስድ አልሄድም። ተሰናብቼ ወጣሁ።

ይሄ ነው ምዕራፉ። የመጽሔቱ አዘጋጆች፣ የጠየቃችሁኝ የአካባቢው ታሪክ ይሄ ነው፤ ሌላ አልጽፍም። ከፈለጋችሁ አትሙት፤ ካፈራችሁ ጣሉት። ባልደረቦቼ የሙያውን ክብር አወረደ ይሉኛል፤ ይበሉ። የአጎቴ ልጆች ሰላምታ ይነሱኛል፤ ይንሱኝ። ካተማችሁት ግን የቆፋሪዎቹን ዝርዝር እንደዚህ አትሙት፤ አንደኛ ጉቱ፣ ሁለተኛ ወልዱ፣ ሦስተኛ ሐዋ፣ አራተኛ ዋቅጅራ፤ ከዚያ አምስት ባዶ መስመር። ባዶውን ማንም እንዳይሞላው። የሚመስል ስም ፈልጋችሁ እንዳታስገቡ። እንዲያ ማድረግ ምን እንደሆነ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ይቅርታ አልጠይቅም። ልትሰጡኝ የሚገባችሁ ሰዎች እናንተ አይደላችሁም፤ ሊሰጡኝ ከሚችሉትም አንዱ መሬት ገብተዋል። እኔ ያስተማርኳችሁ ግን፣ የትም ብትሆኑ፣ ይህን አንድ ነገር ከኔ ስሙና ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። አያ ሰይድ አልዋሹም። የሉባባ መጽሐፍ ገጽ አልጎደለውም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።